ቅዳሜ ብቻ ስለሚታጠበው የአስከሬን መኪና

ለክቡር አቶ ዊንትሮፕ ሄስተር፣
የሳይፕረስ ቤንድ ከተማ ውሃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ፍሎሪዳ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የከበረ ሰላምታዬ ከነመላው ቤተሰብዎ ይድረስዎ። ጤናዎ እንዳይጓደል፣ የቢሮዎ ቧንቧ እንዳይቋረጥ፣ የግቢዎም ሣር እንዳይጠወልግ ዘወትር እጸልያለሁ።

እኔ ኤዝራ ቶሊቨር በዚህች ከተማ ሃያ ስድስት ዓመት የአስከሬን መኪና የነዳሁ ሰው ነኝ። ቁጥር ያልተሰጠው አቤቱታ በቢሮዎ እንደማይነበብ ከልምድ ስለተማርኩ፣ የእኔንም እንደ ደንቡ በቁጥር ከፋፍዬ አቀርባለሁ።

፩. ግንቦት ሲገባ እነዚያ ሁለት ሁለት ሆነው ተጣብቀው የሚበሩ ጥቋቁር ትንኞች መንገዱን እንደሚሞሉት እርስዎም ያውቃሉ። ባለፈው ማክሰኞ ወይዘሮ ኢሞጂን ፔትዌይን፣ አርባ ዓመት ሙሉ በትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ልጆቻችንን ያበሉትን ሴት፣ ከሩቅ ሆስፒታል ሳመጣ የነጩ መኪና ፊት ጠቁሮ ገባ። የእነዚህ ትንኞች ሆድ ዕቃ ፀሐይ ሲያገኘው ቀለም ይበላል፤ በዚያው ዕለት በውሃ አርሰው፣ በሳሙና አለስልሰው፣ ሳይፈትጉ ቀስ ብለው ካላነሱት እድፉ እንደታተመ ይቀራል። የውሃውን ጎማ ገና እንደከፈትኩ ትጉሁ ተቆጣጣሪዎ ደረሱና በውሃ ቁጠባ ደንብዎ መሠረት መኪና የሚታጠበው ቅዳሜ ጠዋት ብቻ መሆኑን አስረድተው፣ ውሃውን በገዛ እጃቸው ዘጉልኝ። ስለ ድካማቸው አመሰግናለሁ።

፪. ቀብሩ ሐሙስ ነበር። እስከ ቅዳሜ ይታገሡን ብዬ ሟቿን ለመለመን አልደፈርኩም።

፫. በደረቅ ጨርቅ ላስለቅቅ ብዬ ቀለሙን ጫርኩት። ይኸኛው የራሴ ጥፋት ነው፤ ከሃያ ስድስት ዓመት በኋላ እንደ ጀማሪ ቸኮልኩ። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ስንቆም የሟች ልጅ ቨርዴል መኪናውን ዞራ አየችውና ቀስ ብላ፣ «ጋሽ ኤዝራ፣ እማዬን በዚህ ነው የሚወስዷት?» አለችኝ። አፍሬአለሁ፣ ክቡር ሆይ።

የመዘምራኑ ሴቶች መሐረባቸውን ከሚጠጡት ውሃ እያራሱ እድፉን ያለሰልሱ ጀመር። ግማሹ ለቀቀ፣ ግማሹ ቀረ። በዚያች ሰዓት ከመንገዱ ማዶ፣ እርስዎ ቅዳሜ ቅዳሜ በሚጫወቱበት የጎልፍ ሜዳ፣ ውሃው ሽቅብ ይረጭ ነበር። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ የተባለው ለካ እውነት ነው።

፬. የምለምነው አንድ ነገር ነው፦ ለአስከሬን መኪና በማናቸውም ቀን ሁለት ባልዲ ውሃ ይፈቀድ። ነግ በእኔ ማለት ለሹምም አይከፋም።

ውሃዎን ሳልነካ፣ ደረቅ ጨርቄን በእጄ እንደያዝኩ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

የቅዳሜ ጠባቂዎ
ኤዝራ ቶሊቨር

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ፖስታውን ሳላሽግ እናትዎ ማረፋቸውን ሰማሁ፤ ነፍስ ይማር፣ እግዚአብሔር ያጽናዎ። ጸሐፊዎም ደውለው መኪናው ለረቡዕ ቀብር እንደ መስተዋት እንዲያበራ አደራ ብለውኛል። ረቡዕ ቅዳሜ አይደለም ልላቸው አስቤ ተውኩት፤ ደንቡን የፈረሙት እናትዎ አይደሉም። ቨርዴልና የመዘምራኑ ሴቶች በማለዳ መኪናውን ሊወለውሉላቸው ይመጣሉ። እርስዎም መሐረብ ይዘው ይምጡ፤ የሚያርሱበትን ውሃ እኛ ከምንጠጣው እናካፍልዎታለን።