ዝውውሩ ቢመጣስ?

የኔ ጌታ አበራ፣

ሰላም ላንተ ይሁን፤ እንደምን አለህ ብዬ ግን አልጠይቅህም። ከተለየኸን ወዲህ የሰመራን ክረምት ለሁለተኛ ጊዜ አሳለፍን። እዚህ ክረምት ማለት ምን እንደሆነ ታውቀዋለህ፤ ሐይቅ ከተማ ያሉት ዘመዶችህ ስለ ዝናብ ሲያወሩ እኛ ከሙቀቱ የተነሳ አንሶላ ውሃ ውስጥ ነክረን እንተኛለን። ልጃችን ማራኪ በቁመት እኔን ልትደርስ ምንም አልቀራት። እናትህ ደህና ናቸው። ለቀብርህ እንደመጡ አልተመለሱም፤ የሚተኙት በመስኮቱ በኩል፣ አንተ ትተኛበት በነበረው አልጋ ላይ ነው።

የምጽፍልህ ዝውውሩ ስለመጣ ነው። አዎ፣ ያ ስንት ዓመት የጠበቅነው የአዋሽ የመምህርነት ዝውውሬ። እህቴ እዚያ አለች፣ ማራኪ ከአክስቷ ልጆች ጋር ትማራለች፣ ሲመሽ ነፋስ አለ እያልን ስንቱን አወራን! አንተ አዋሽ ላለ አንድ ድርጅት በመካኒክነት አመልክተህ ቃለ መጠይቁ በእንግሊዝኛ ነው ሲሉህ፣ እኔ ጠያቂ አንተ ተጠያቂ ሆነን በረንዳው ላይ ተለማመድን። «ሥራውን ብታገኝ ምን ታደርጋለህ?» ብዬ በእንግሊዝኛ ስጠይቅህ፣ ሚስቴን ወደ አዋሽ እወስዳታለሁ ለማለት «አይ ዊል ቴክ ማይ ዋይፍ ቱ አዋሽ» አልክ። «ዊል አይባልም፤ ገና የታሰበ እንጂ የሆነ ነገር ስላልሆነ ዉድ በል» አልኩህ። «ዉድ ካልኩማ አንሄድም ማለት ነው» ብለህ እምቢ አልክ። መምህርቷ እኔ ሆኜ ሳለ ተሸነፍኩ። ቃለ መጠይቁ ሳይደርስ ወባው ቀደመህ፤ ዱብቲ ሆስፒታል እንደገባህ ቀረህ።

ዝውውሩ እንደተፈቀደ ሲነገረኝ መጀመሪያ የነገርኩት ለእናትህ ነው። «እማማ፣ አብረን ብንሄድስ?» አልኳቸው። «ልጄን ለማን ጥዬው?» አሉ። «ታዲያ ሐይቅ ድረስ ብሸኝዎትስ?» «ከሐይቅ ወደ ልጄ መጣሁ እንጂ ከልጄ ወደ ሐይቅ አልሄድም። እናንተ ሂዱ። አንቺ ገና ወጣት ነሽ።» ዓይናቸው በጣም ደክሟል፣ አበራዬ። ሻይ ሲቀዱ ከብርጭቆው ውጭ ያፈሱታል። እሁድ እሁድ ክንዳቸውን ይዤ መቃብርህ ድረስ የምወስዳቸው እኔ ነኝ። እኔ ብሄድ ማን ይወስዳቸዋል? ማራኪ ደግሞ ገና ወሬውን ስትሰማ ልብሷን በፌስታል ማሰር ጀምራ ነበር።

እንዲህ ሆኜ ነው ክፍል የገባሁት። በዚያ ሳምንት የደረስነው «ኢፍ» ላይ ነበር፤ ያልሆነን ነገር እንደሆነ አድርጎ መጠየቅ። እኔ በአማርኛ እያስረዳሁ፣ ልጆቹ እርስ በርስ በአፋርኛ እየተረዳዱ ጥሩ ሄድን። ደስ ብሎኝ «በሉ አሁን እኔን ጠይቁኝ» አልኩ። ከፊት የምትቀመጠው አይሻ ተነስታ፣ ያለ አንዳች ስህተት፣ የትም መኖር ቢችሉ የት ይኖሩ ነበር ስትል በእንግሊዝኛ ጠየቀችኝ።

«አይ ዉድ» አልኩና ቀጥሎ ያለው ቃል ጠፋኝ። አዋሽ ብል እናትህን የካድኩ፣ ሰመራ ብል የዋሸሁ መሰለኝ። ጠመኔ ይዤ እንደቆምኩ ቀረሁ።

አይሻ ደነገጠች። «ቲቸር፣ ይቅርታ» አለች፣ በአማርኛ። «አባቴ ‹ቢሆን ኖሮ› ማለት ለሸይጧን በር መክፈት ነው ይለናል። ይተዉት፣ አይመልሱ።»

«ፈተና ላይ ይመጣል እኮ» አልኳት። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ከዚያ ወደ ሰሌዳው ዞሬ የተጻፈውን ሳጠፋ ቆየሁ።

ከሰዓት ርዕሰ መምህሩ ጋ ገብቼ ዝውውሩን እንደማልፈልገው ነገርኳቸው። «ብታስቢበትስ?» አሉኝ። «አስቤበታለሁ» አልኩ። ቤት ስገባ ማራኪ ፊቴን አይታ ገባት። ፌስታሉን ፈትታ ልብሷን አንድ በአንድ መለሰች። እናትህ «ቀራችሁ?» አሉ። «ቀረን፣ እማማ።» «እግዜር ይስጥሽ» አሉና ፊታቸውን በነጠላ ሸፈኑ።

አሁን ጎረቤቱ ሁሉ ባሏን ጥላ መሄድ አቃታት እያለ ያመሰግነኛል። እናትህም ለመጣው ሁሉ ይህንኑ ይናገራሉ። እኔ በአዎንታ አንገቴን እነቀንቃለሁ። ጠዋት ጠዋት በአዋሽ በኩል የሚያልፈው አውቶቡስ ጥሩምባውን ሲነፋ ግን፣ በዚያ ሁሉ ሙቀት፣ መስኮቱን እዘጋለሁ።

ላንተ እውነቱን ልንገርህ። የቀረሁት ለመቃብርህ ብዬ አይደለም። እናትህን እጃቸውን ይዞ መንገድ የሚያሻግር ሌላ ሰው ስለሌለ ነው። አንዳንድ ቀን እሳቸውንም፣ አንተንም፣ ይህን ከተማም እቀየማለሁ። ከዚያ ማራኪ ስትቆጣ ልክ እንዳንተ አንዱን ቅንድቧን ታነሳለች፤ ሳልወድ በግዴ እስቃለሁ።

ሰው በመቅረቴ እንዳልረሳሁህ ያስባል። አንተ ግን እንዲህ አትመን። አዋሽ ብሄድም አስታውስህ ነበር።

ያንተው ጽጌ