የታደሰ ድንጋይ

ሐሙስ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ አሰበ ተፈሪ። ቀኑ ብራ ነው፤ ነፋስ አለው። ለሽምግልናው ሽማግሌው ሐጂ ዑመር፣ የተመታው ጎረቤታችን ጀማል፣ ወንድሜ ታደሰና እኔ ተቀመጥን።

ታደሰ ሚኤሶ ላይ ከጭነት መኪና ወድቆ ግንባሩ ከተጎዳ ወዲህ አመሉ ሌላ ሆኗል። ሰኞ ዕለት ጀማልን ያለ ምክንያት በዱላ መታው። ቁስሉን ያከመው የክሊኒኩ ድሬሰር የነገረኝን አስረዳሁ፤ ከግንባር ኋላ ያለው፣ ቁጣን የሚገታው የአንጎል ክፍል ቆስሏል አልኩ።

"እኛ የምናውቀው ልቡ የከፋ ሰው ሲበድል ነው" አሉ ሐጂ። "አንጎሉ ከሆነ ግን በሽተኛ ነው። ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ ይቅርታ አይጠይቅም።"

ጀማል ሳቀ። "ወላሂ፣ የመታኝ አንጎል ነው? እኔ እጅ መስሎኝ!"

እፎይ አልኩ። ታደሰ ግን ብድግ አለ።

"የመታሁት እኔ ነኝ። ድንጋዩን ከከለከላችሁኝ ከሰው ቁጥር አወጣችሁኝ።"

ሐጂ ፈቀዱለት፤ ይቅርታው በጀማል ቤት ለነገ ተቀጠረ።

ዓርብ ጠዋት። ከደጅ ቀለል ያለ ድንጋይ መርጬ ሰጠሁት። አየት አደረገና ወረወረው። ትልቁን ራሱ አንስቶ አንገቱ ላይ ጫነ። ይህን የመረጠው ልቡ ይሁን ቁስሉ እያሰብኩ፣ ወደ ጀማል ቤት ከኋላው ተከተልኩት።