ሳልወጣ የቀረሁበት ቀን

ውድ ታናሽ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህስ፣ ሁለቱ ሴቶች ልጆችህስ? ትንሿ አሁንም ጫማዋን ገልብጣ ነው የምታደርገው? እዚያ በምድር ሌላኛው ጫፍ፣ አደሌድ ከተማ፣ ሙቀቱ እየገባላችሁ ይሆናል። እዚህ ዝናቡ ከተማውን ጠርጎ ሊወስደው ምንም አልቀረው። የፋሲካው ደብዳቤህ ደርሶናል። በባለቤትህ እጅ ነበር የተጻፈው፤ ሥራ በዝቶብህ ነው አልን። ጽሕፈቷ እንዴት ያምራል፣ አመስግንልኝ። «እኔ ደህና ነኝ» ብዬ ልቀጥል ስል ሙሪየል ብዕሯን ከወረቀቱ አንስታ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። እንግዲያው ይቺን እንዝለላት።

አዎ፣ ይሄም የእኔ ጽሕፈት አይደለም። እኔ እናገራለሁ፣ ሚስቴ ትጽፋለች። ሳትጨምር ሳትቀንስ ልትጽፍ ምላልኛለች። ለምን እንደሆነ ስደርስበት እነግርሃለሁ።

አክስታችን ስለ እኔ የተጻፈውን ሁሉ ከጋዜጣ እየቆረጠች እንደምትልክልህ አውቃለሁ። የሴፕቴምበሩን አይተኸው ይሆናል፤ «በመጨረሻ ቆሞ ጠበቀ» የሚለውን። ከዚያ ወዲህ ዝም አልክ። አልተቀየምኩህም። እኔም ባንተ ቦታ ብሆን የምለው ይጠፋኝ ነበር።

አባባ ከከሰል ማስቀመጫው በር ፊት ለፊት አቁሞ ክሪኬት ሲያስተምረን ትዝ ይልሃል? «ኳሷ የመምቻህን ጠርዝ ላስ አድርጋ ብታልፍና ከኋላህ ቢቀልቧት ወጥተሃል። መንካቷን ካንተ እጅ በቀር የሚያውቅ የለም። እጅህ ከነገረህ ዳኛ ምን ያደርግልሃል? ሳይጠሩህ ውጣ» ይለን ነበር። አንተ አንድ ቀን ቆመህ ጠብቀህ እራት ተከለከልክ። እኔ በካልሲ ዳቦ ደብቄ አመጣሁልህ፣ አንተ ደግሞ ካልሲው ይሸታል ብለህ አማረርክ። ውለታ ቢስ።

እኔ ግን ትምህርቱን ያዝኩት። ለካውንቲያችን፣ ለአውራጃችን ቡድን፣ በተጫወትኩበት ዘመን ሁሉ ዳኛ ጣቱን አንስቶ «ውጣ» እስኪለኝ ጠብቄ አላውቅም። ጣቴ ላይ ትንሽ ንዝረት ከተሰማኝ መምቻዬን ብብቴ ውስጥ ሸጉጬ እሄዳለሁ። አንዳንዴ ተቃራኒዎቻችን ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ እኔ ግማሽ መንገድ ደርሻለሁ። ለእንግሊዝ ቡድን አንድም ቀን አልተጠራሁም። የወንዝ ማዶው ካውንቲ አለቃ እናድርግህ ብሎ ሲለምነኝ እምቢ አልኩ። ሰዉ «ታማኝ» ብሎ አወደሰኝ። እውነቱን ልንገርህ፣ ጠዋት ያቺን የሜዳችንን በር ከፍቼ እርጥብ ሣር ካልሸተተኝ ቀኑ የነጋ አይመስለኝም ነበር፤ ሌላ ምንም የለውም። ያም ሆነ ይህ፣ ያፈራሁት ሀብት ያቺ ስም ብቻ ናት። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። የእኔዋ ከመቃብር በፊት ሞተች።

የመጨረሻው ጨዋታችን ከነዚሁ ከወንዝ ማዶዎቹ ጋር ነበር። ለማሸነፍ ጥቂት የሩጫ ነጥብ ቀርቶናል፤ ከመቺዎቻችን ከእኔ ጋር ሳይወጣ የቀረው ግን ብሪግስ ብቻ ነው፣ ያ ግንድ የሚያክለው ወርዋሪያችን። በመምታት በኩል ከእሱ የአጥር እንጨት ይሻላል። እኔ ከወጣሁ ጨዋታው አበቃ ማለት ነው። ኳሷ መጣች፣ መሬት ነክታ ትንሽ ታጠፈች፣ አጠገቤ አለፈች። ከኋላዬ ጓንት አጥልቆ የሚቀልበው ፓስክ ያዛትና ጮኸ። ሁሉም እጃቸውን ሰቅለው ጮኹ። እኔ እነዚህ ሰዎች ምን ነካቸው ብዬ ቆሜ አየኋቸው። በእጄ ላይ ምንም የለም። ኳሷ ያለፈችው ጎረቤት ቤት ነው ብትለኝ አምንሃለሁ።

ዳኛው ጋሽ ሰልዊን ነበሩ። ታውቃቸዋለህ፣ ከአባባ ጋር ለጫማ ፋብሪካው ቡድን የተጫወቱት። ቀና ብለው ፊቴን አዩኝ። እኔም አየኋቸው። «አልወጣም» አሉ።

ፓስክ ጓንቱን መሬት ላይ ወረወረ። «ኧረ ጋሽ ሰልዊን፣ ድምፁ እኮ ባቡር ጣቢያው ድረስ ተሰምቷል!» አላቸው።

«ነክታው ቢሆን ይኸኔ ውስጥ ገብቶ ሻይ እየጠጣ ነበር» አሉት። አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ጨዋታው ቀጠለ፣ እኔ የቀረውን ሩጫ አስቆጠርኩ፣ አሸነፍን።

ስንወጣ ፓስክ ከጎኔ መጣ። «ይህን ሁሉ ዘመን ያጠራቀምከውን ለዚህች ሸጥካት?» አለኝ። አልነካችኝም አልኩት። «መምቻህን እየው እስቲ» ብሎኝ ሄደ። ጠርዙን ጠዋት በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ ነጭ አድርጌው ነበር፣ ሁልጊዜ እንደማደርገው። አሁን አውራ ጣት የምታክል ቀይ ምልክት ነበረችበት። የኳሷ ቀለም ገና አልደረቀም።

ነክታዋለች። እጄ ግን አልነገረኝም።

እንደ ወጉ ተሸናፊዎቹ ወደኛ ክፍል መጥተው ቢራ ይጠጣሉ። የዚያን ቀን አውቶቡሳቸው ውስጥ ገብተው ተቀመጡ። ይሄ ብዙም አልከበደኝ። የከበደኝ የራሴ ሰዎች ነገር ነው። የቡድኑ አለቃ፣ ያ ጢሙን እንኳ በቅጡ ያላበቀለው ክሪስፒን፣ ጀርባዬን መታ አድርጎ «ጎበዝ! በስተርጅና ሰው ሆንክ!» አለኝ። ብሪግስ «እኔማ ቄስ ነህ ብዬ ፈርቼህ ነበር» ብሎ አቀፈኝ። ደስ አላቸው እኮ። ያን ያህል ዓመት በልባቸው ሲታዘቡኝ ኖረዋል ማለት ነው። ወይዘሮ ቲልኒ፣ በየጨዋታው የራሷን ወንበርና ብርድ ልብስ ይዛ የምትመጣው አሮጊት፣ በአጠገቧ ሳልፍ የሻይ ቴርሞሷን ክዳን ማጥበቅ ጀመረች። የጠበቀ ክዳን ነበር።

ሰው ምን ተሰማህ ይለኛል። ምንም። ማልቀስ ነበረብኝ፣ ቢያንስ መናደድ። አግዳሚው ላይ ተቀምጬ እጄን እያገላበጥኩ አየሁት። የሌላ ሰው እጅ ይመስል ነበር። በጋውን ሙሉ ኳስ ከእጄ ሲያመልጥ ብርዱ ነው እል ነበር። ጠዋት ሙሪየል የሸሚዜን ቁልፍ አዛንፌ ቆልፌ ስታገኘው «ኧረ ሽማግሌው!» እያለች ፈታ ትቆልፍልኛለች፣ እንስቃለን። ቀስ በቀስ ሁሌ እሷ ትቆልፍልኝ ጀመር። እንዴት እንደጀመረች ሁለታችንም አናስታውስም።

በኦክቶበር ጋሽ ሰልዊን ቤት መጡ። ሙሪየል ቤተ ክርስቲያን ነበረች። ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። የዳኞቹ አለቆች ለንደን ጠርተዋቸዋል፤ ኳሷን ትቶ የመቺውን ፊት አይቶ የሚፈርድ ዳኛ አያስፈልገንም ብለው። «ልወቅስህ አልመጣሁም። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝና እሄዳለሁ፤ ተሰምቶህ ነበር?» አሉኝ።

አልተሰማኝም አልኳቸው። ማመን ፈልገው እንዳልቻሉ አየሁ። ለነገሩ እኔስ ብሆን አምናለሁ? ሙሪየል ምድጃ ውስጥ ትታልኝ የሄደችው በሊጥ የተሸፈነ የሥጋ ፓይ መሽተት ሲጀምር ተነስቼ አወጣሁትና እስከ ጠረጴዛው ይዤው መጣሁ። ቆሜ ያቺን ኳስ ላስረዳቸው ጀመርኩ፣ እንዴት እንደመጣች፣ የት እንደታጠፈች። እሳቸው አይሰሙኝም፤ እጄን ነው የሚያዩት።

«አንተ» አሉኝ ቀስ ብለው። «አስቀምጠው።»

ጨርቅ መያዝ ረስቼ ኖሯል። አስቀመጥኩት። ሽታው ከፓይው ብቻ አልነበረም።

ጋሽ ሰልዊን ክንዴን ይዘው ወደ ቧንቧው ወሰዱኝና ቀዝቃዛ ውኃ ለቀቁብኝ። «የአባትህ ሕመም ነው አይደል?» አሉ። ይመስለኛል አልኳቸው። ሲጋራው ጣቱን ሲያቃጥለው አንተና እኔ «አባባ ሥጋ ጠበሰ» ብለን የሳቅንበት ቀን ትዝ ይልሃል? እሱም አብሮን ሳቀ። ከዚያ የቆዳ መቁረጫ ቢላዋው ጣቱን ሲቆርጠው ሳይሰማው ቀረ፣ ፋብሪካው አሰናበተው። የቀረውን አንተም ታውቀዋለህ፤ ማንኪያውን የምትይዝለት አንተ ነበርክ።

ጋሽ ሰልዊን ባርኔጣቸውን አንስተው «ነገ ጠዋት ለሁሉም እናገራለሁ። ፓስክ ይምጣና ተንበርክኮ ይቅርታ ይለምንህ» አሉ። እኔ አይሆንም አልኳቸው። ተቆጡ። «ሌባ ተብሎ ከመኖር መታመም ያሳፍራል እንዴ?» አሉኝ። አያሳፍርም። ግን ይሄ ነገር ጋዜጣ ላይ ይወጣል፣ አክስታችን ትቆርጠዋለች፣ ፖስታ ውስጥ ትከተዋለች፣ አንተ ደግሞ አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ በር ላይ ቆመህ ታነበዋለህ። ከወንድሜ ቀድሞ ማንም አይሰማም አልኳቸው።

ይሄኔ ገባቸው። ለንደን ሄዱና ጠረጴዛው ፊት ቆመው «ያየሁትን ፈርጃለሁ። ያየሁት ሰውየውን ነው» ብቻ ብለው ተመለሱ። ለሚመጣው በጋ አያስዳኟቸውም። ስለ እኔ ትንፍሽ አላሉም። እኔን ታማኝ ይሉኝ ነበር እኮ፣ አየህ።

ከዚያ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ሙሪየልም አብራኝ ገባች። ወጣት ሐኪም ነው፣ ትሑት። መርፌ እየወጋ «ይሰማዎታል?» ይለኛል፣ እኔ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አያለሁ። ብዕር የማልይዘው ለዚህ ነው። ስለ አባባ ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። «ልጆች አሏችሁ?» አለ። የለንም አልኩት። «ጥሩ» አለ። ያለውን ዘግይቶ ሰማው መሰለኝ፣ ፊቱ ቀላ። ሙሪየል ይህን ዕድሜ ሙሉ ልጅ ስጠን እያለች የጸለየች ሴት፣ ቦርሳዋን እቅፍ አድርጋ «አዎ፣ ጥሩ ነው» አለችው። ቀጥሎ ወንድም ወይም እህት እንዳለኝ ጠየቀኝ።

እዚህ ላይ ሙሪየል ጥቂት አርፋ ነው የቀጠለችው።

ክለቡ በኤፕሪል አዳዲሶቹን ልጆች አሰልጥን ብሎኝ ነበር። አሁን ስለዚያ የሚያነሳ የለም፤ እኔም አላነሳሁባቸውም። ጠዋት ጠዋት ሜዳው ድረስ እሄዳለሁ፣ በሩ ተቆልፏል፣ ተመልሼ እመጣለሁ። አትዘንልኝ። እኔ ራሴ ለማዘን አልበቃሁም። ሲመጣ ይመጣ ይሆናል።

ከአንተ ግን አንድ ነገር እፈልጋለሁ። ነገ ጠዋት ሸሚዝህን ስትለብስ ወደ ደጅ እያየህ ቆልፈው። እጅህን አትየው። ባለቤትህም አታግዝህ። ያገኘኸውን ነገር ደግሞ ለእኔ ከመጻፍህ በፊት ለእሷ ንገራት፤ እኔ ለሙሪየል የነገርኳት ዘግይቼ ነው። ልጆቹን አታስደንግጥ። አባባ ክፉ ነገር አወረሰን ብለህም አትማረርበት። እሱ በሽታው በደሙ መኖሩን አያውቅም ነበር። የሚያውቀውን ሁሉ ግን በዚያች በር ፊት ሰጥቶናል።

መልስህ እንደደረሰኝ ጋሽ ሰልዊንን «ይናገሩ» እላቸዋለሁ። እስከዚያ ሌባ ተብዬ ብኖር አይከብደኝም፤ ለምጄዋለሁ። ስለዚህ ጻፍልኝ። ረጅም አይሁን። ስለ ሙቀቱ ጻፍ፣ ስለ ትንሿ ጫማ ጻፍ፣ ደስ ያለህን ጻፍ። በራስህ እጅ ግን ጻፈው፣ የፖስታውን አድራሻ ጭምር። ሥራ በዝቶብኛል አትበለኝ። ምን እንዳልክ ከማንበቤ በፊት ጽሕፈትህን ነው የማየው።

እግዚአብሔር አንተንና ቤትህን ይጠብቅ። ልጆችህን ከክፉ ይሰውርልህ፤ እጆቻቸውን ሳምልኝ፣ የሁለቱንም፣ አንድ በአንድ። ሙሪየል እዚህ ላይ የራሷን ሰላምታ ጨምራለች።

ከካልሲው ዳቦ ጋር የሚያስታውስህ
ታላቅ ወንድምህ