ተከሳሹ የዓሣ ጉበት

ለተከበሩ አቶ ስቬኑንግ ሃውግላንድ፣
የሁልቪክ የምሰሶ ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ

ክቡር ሆይ፣ ይህን የብርድ ወቅት ከነቤተሰብዎ በሙሉ ጤንነት፣ በተለይም በደህና ጉበት፣ እንዲያሳልፉት ከልቤ እመኛለሁ። እኔ ጉንቮር ነኝ፤ ፋብሪካዎ በየዓመቱ የካቲት ላይ መንደሩን ወደብ ላይ ሲጋብዝ፣ ኮድ የሚባለውን ዓሣ ከነጉበቱና ከነእንቁላሉ የምቀቅለው ሴት።

አንደኛ፣ በወደቡ ሰሌዳ ላይ ላስለጠፉት ማብራሪያ ምስጋናዬ ይድረስዎ። ወንድሜ አስሙን ከፍዮርዱ፣ ከመንደራችን የባሕር ወሽመጥ፣ ባወጣቸው ዓሣዎች ጉበት ላይ አተር የሚያካክል እባጭ አግኝቶ ስንደነግጥ፣ እርስዎ አረጋጉን። ምሰሶ እንዳይበሰብስ ከሚነከርበት ገንዳ ወደ ባሕሩ የሚወርደው ቅጥራን በራሱ የማንንም ዘረ መል አይነካም፤ ጉዳቱ የሚመጣው የዓሣው ጉበት ቅጥራኑን ሲለውጠው ነው አሉን። አልዋሹም። ምስኪኑ ጉበት መርዙን በውሃ የሚሟሟ አድርጎ ሊያስወጣው ሲታገል፣ መሀል ላይ የባሰ ነገር ይፈጠርና ዘረ መሉ ላይ ይጣበቃል፤ ሕዋሱም ሲባዛ ያንን ቦታ አሳስቶ ይገለብጠዋል፤ ስህተቱ ለልጅ ልጆቹ ይተላለፋል፤ ስህተት በስህተት ላይ ሲደራረብ ሕዋሱ መባዛቱን የሚያስቆመው ያጣል። እንግዲህ በእርስዎ ፍርድ ጥፋተኛው ቤት ጠራጊው ነው፤ ቆሻሻውን ደጃፉ ላይ የደፋው ጎረቤት ንጹሕ ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኼ አይደል? አስሙን ማብራሪያውን አንብቦ ሲያበቃ፣ «በይ እንግዲህ እህቴ፣ ዓሣውን ክሰሺዋ! ማን ጉበት ይዘህ ና አለው?» ብሎኛል።

ሁለተኛ፣ ፋብሪካዎ አስመርምሮ «ሁሉም ጤናማ ሆነው ተገኙ» ያላቸው ዓሣዎች ዓመት እንኳ ያልሞላቸው ጫጩቶች መሆናቸውን ስሰማ ጥበብዎን አደነቅሁ። እንዲህ ያለው ስህተት ተጠራቅሞ እባጭ እስኪሆን ዓመታት ይፈጃል። የሕፃናት ማቆያ ገብቶ ሽበት ፈልጎ ማጣትና «በዚህ መንደር የሚያረጅ ሰው የለም» ብሎ መመስከር እንደ እርስዎ ላለ የተማረ ሰው አይከብድም።

ሦስተኛው ላይ መቀለድ ያቅተኛል። የአስሙን ልጅ ራግንሂል ነፍሰ ጡር ናት። የመንደሩ ልጆችም ጉበቱን ቂጣ ላይ ቀብተው፣ ጣታቸውን እየላሱ ነው የሚበሉት። እኔ ነኝ የማቀርብላቸው፤ ፈርቻለሁም። ዘንድሮ ጉበቱ ይቅር ብዬ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ስለምንዎ፣ «ጉበት ከቀረማ ሰው ምን ይለናል? አንቺ ዝም ብለሽ ቀቅይ» ብለው ሸኙኝ። እሺ፣ እቀቅላለሁ።

በመንደራችን ወግ ጋባዡ የመጀመሪያውን ማንኪያ ጉበት በሰው ፊት ሳይውጥ እንግዳ እጁን አይሰድም። ቅዳሜ ይህን ክቡር ግዴታ ለመወጣት ስለተስማሙ መንደሩ በጉጉት እየጠበቀዎት ነው።

ለፋብሪካዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለዓሣዎቻችን ደግሞ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እጅ የምነሳዎት፣
ጉንቮር ስትራንድ፣ የወደቡ ወጥ ቤት

ማስታወሻ፦ ከሰሜን፣ ከትሮምሶ ያዘዙት ንጹሕ ጉበት ትናንት በሰላም ገብቷል። ያመጣው መርከበኛ «ለሥራ አስኪያጁ ሳህን ብቻ ነው የተባለው፣ አደራ!» ብሎ አስረክቦኛል። እግዜር ይስጥልን፤ ለልጆቹና ለራግንሂል ይበቃል። ለእርስዎ ማንኪያ አስሙን ከፋብሪካዎ ቧንቧ ሥር መረቡን ጥሏል።