ያ ኪንታሮት አልመሰከረበትም

እትዬ፣ የልብ ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽስ ተሻለሽ ወይ? ልጅሽስ ቁመቷ የት ደረሰ፣ አሁንም ምሳዋን ሳትጨርስ ትነሳለች? የእማዬስ ዓይን እንዴት ሆነላት? እኔ ሆዴ ገፍቶ ካውያው ጋ መቆም ስላቃተኝ ተቀምጬ አንሶላ አጥፋለሁ እንጂ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ብዬ ላታልልሽ ግን አይደለም፤ ሁሉንም እጽፍልሻለሁ።

በስልክ የነገርኩሽ ብልቴ ላይ የወጣው ኪንታሮት ካወራን በኋላ ባሰበት። አንቺ፣ «እኔም ባሌን፣ አናጢውን፣ ያባረርኩት በዚሁ ነው፣ እርጉዝ ሆኜ ነው የወጣብኝ፣ ከውጭ ያመጣው እሱ ነው፣ አንቺም ባልሽን ሳትወልጂ ከቤት አስወጪው» አልሽኝ። እኔ ደግሞ ያልሽኝን የማደርግ ልጅ ነኝ። እዚህ የምሠራበት ላውንደሪ ውስጥ የእያንዳንዱ ልብስ ጫፍ ላይ የባለቤቱ ምልክት ይሰፋል። ይሄም ነገር ባለቤት አለው አልኩና የባሌን ልብስ ለብቻ ለይቼ በበረኪና ዘፈዘፍኩት። ሰማያዊ ሸሚዙ ብትንትኑ ወጣ። ባሌም የጠረጠርኩትን ሲረዳ ፍራሹን ጠቅልሎ የሚነዳው የጭነት መኪና ውስጥ ማደር ጀመረ።

እኔስ እፎይ አልኩ መሰለሽ? ልጄን ሲወለድ ይይዘዋል ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። እያፈርኩ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። አዋላጇ ሲስተር ቁጡ ናት፤ የበረኪናውን ስነግራት ግን ሳቋን መያዝ አቃታት። ኤች ፒ ቪ የሚባል ቫይረስ ነው፣ በግንኙነት እንጂ በሸሚዝ አይመጣም አለችኝ። በእርግዝና ጊዜ ሰውነት ፅንሱን እንደ ባዕድ እንዳይገፋው የመከላከል አቅሙ ይለወጣል፣ ያኔ ተኝቶ የኖረው ቫይረስ ይነሳል፣ ኪንታሮቱም ይበዛል፤ ከወሊድ በኋላ ብዙ ጊዜ ራሱ ይከስማል አለች። ወደ ልጁ የሚያልፈው ከስንት አንዴ ነው፣ መውጫውን ካልዘጋው ኦፕራሲዮንም አያስፈልግሽም ብላ በኃይለኛ ቅዝቃዜ አቃጠለችልኝ። ቅባት ከፋርማሲ ገዝተሽ እንዳትቀቢ፣ ለፅንሱ የማይሆን አለ ብላም አስጠነቀቀችኝ።

እኔ ግን ልቤ ሌላ ቦታ ነበር። ማን አመጣብኝ አልኳት።

«ማንም ሊነግርሽ አይችልም» አለችኝ። «ሳይታይ ዓመታት ይተኛል። ከእሱም፣ ከእሱ በፊት ከነበረውም ሊሆን ይችላል። ዛሬ ስለታየ ዛሬ መጣ ማለት አይደለም።»

ከባሌ በፊት ሰው እንደነበረኝ ከአንቺ በቀር ማን ያውቃል?

ከዚያ በቀጥታ ወደ መኪናው ሄጄ ሁሉንም ነገርኩት፣ የፊተኛውንም ሰው ጨምሬ። አንድ ነገር አሁን ይናገረኛል ብዬ ስጠብቅ፣ እሱም ከእኔ በፊት ሰው እንደነበረው፣ ከእኔ ወዲህ ግን ማንም እንደሌለ ነገረኝ። «ካመንሽኝ እገባለሁ» አለ። እትዬ፣ ማመን እንዲህ እንደሚከብድ አላውቅም ነበር። ማስረጃ የለኝም፣ ወደፊትም አይኖረኝም። ፍራሹን ልሸከም ስል ከእጄ ነጠቀኝና ገባ።

አሁን የሚያስጨንቀኝ ግን የአንቺ ነገር ነው። አናጢው ማለልሽ፣ አላመንሽውም፤ እኛም ተባብረን አስወጣነው። ከወለድሽ በኋላ ሲጠፋልሽ ደግሞ፣ ይኸው እሱ ሲሄድ ጠፋ፣ አልሽ፤ ሁላችንም እውነትሽን ነው አልን። አጥፍቶ እንደሆነ አላውቅም። ያ ኪንታሮት ግን አልመሰከረበትም። ብትቀየሚኝ አልፈርድብሽም፤ ይህን ደብቄሽ ግን እንደ በፊቱ ላወራሽ አልችልም። ከዚሁ ቫይረስ ዓይነቶች የማህፀን በር ካንሰር የሚያመጡ አሉ ብላኛለች ሲስተሯ፤ አንቺም የማህፀን በር ምርመራ አድርጊ፣ አደራሽን።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ታናሽ ወንድማችንን፣ ጥፋቱን ሁሉ እዚህ ሆኜ እንደምሰማ ንገሪልኝና ጆሮውን ቆንጥጪልኝ። ልጅሽን ጉንጯን ሳሚልኝ። አናጢው ቅዳሜ ልጃችሁን ለማየት ሲመጣ፣ እስከ ዛሬ በሰላምታዬ ውስጥ አስገብቼው የማላውቀውን፣ ሰላም ብላሃለች በይልኝ። ከቻልሽ በር ላይ አቁመሽ ሳይሆን፣ ገብቶ ከተቀመጠ በኋላ ይሁን።

ታናሽሽ
ከላውንደሪው ጀርባ ካለችው ክፍላችን
ሐሙስ፣ መጋቢት ፲፪ ቀን