መልስ አልሰጠችም ስለተባለችው ታካሚ

ለተከበረው የጤና ባለሙያዎች የሥነ ምግባር ጉባኤ፦

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡር ሰብሳቢውና ለአባላቱ ሙሉ ጤና እመኛለሁ፤ በተለይም የጉሮሮ ጤና።

እኔ የእንቅርት ቀዶ ጥገና ከተደረገልኝ ወዲህ ከትንፋሽ በቀር ድምፅ የማይወጣኝ የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ነኝ። ሐኪሙ የድምፄን ነርቭ ቆርጠው ሲያበቁ፣ ካረፍሽ ይመለሳል ብለው ሸኙኝ፤ ይኸው ስምንት ወር አረፍኩ፤ በመጨረሻም ቅሬታዬን ለእናንተ አቀረብኩ። ታካሚም በችሎት ይሳተፍ የሚለው አዲሱ ደንባችሁ ሲወጣ፣ እኔም ወግ ደርሶኝ ልሰማ ነው ብዬ በደስታ አልቅሻለሁ። ስለዚያ ደስታ እያመሰገንኩ የሚከተለውን በትሕትና አቀርባለሁ።

1. ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጠርታችሁ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ እስክታስገቡን ድረስ፣ እኔንና ሐኪሙን አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ስላስቀመጣችሁን አመሰግናለሁ። ሐኪሙ አንገቴን አየት አድርገው ስፌቱ እንዳማረ ነግረውኛል።

2. ታካሚ በገዛ አንደበቷ ትመልስ የሚለውን ደንብ ሳታጓድሉ ስለፈጸማችሁ አመሰግናለሁ። ባለቤቴ ስለ እኔ ሊናገር ሲነሣ፣ የታከመው እሱ አለመሆኑ ተነግሮት ተቀመጠ። መልሴን የጻፍኩበትን ደብተር ከፍ አድርጌ ሳሳይ ደግሞ፣ የጽሑፍ መልስ ከችሎቱ አሥር ቀን በፊት መግባት እንደነበረበት ጸሐፊው በጨዋነት አስረዱኝ፤ ጥያቄው ግን ገና ያን ጊዜ መጠየቁ ነበር።

3. ቃለ ጉባኤው ደርሶኛል። ታካሚዋ ሁለት ጊዜ ተጠይቃ መልስ ስላልሰጠች ቅሬታዋን እንደተወች ተቆጥሯል ይላል። ቁርጤን አወቅሁ። ሐኪሙም በማግስቱ ወደ ቀዶ ጥገና ክፍላቸው ተመልሰዋል፤ በዚያ ሳምንት ስንት አንገት እንደተሰለፈላቸው እናንተ ታውቃላችሁ።

4. ይህኛው ምስጋና የለውም። ትምህርት ቤቱ ከክፍል አውጥቶ መጋዘን ውስጥ ጠመኔ ቆጣሪ አድርጎኛል። አራት ዓመት የሆናት ልጄ መንገድ ላይ እጄን ለቃ ስትሮጥ ስሟን መጥራት አልችልም፤ ሮጬ ካልደረስኩባት ቆሜ አጨበጭባለሁ። አንጀቴ አርሯል፤ ይህን ለማለት አሥር ቀን አልፈለግሁም።

ጉባኤው በዚሁ ትዕግሥቱና በዚሁ ጥንቃቄው ብዙ ዘመን እንዲያገለግለን እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት ዝቅ ብዬ እሰናበታለሁ።

ቅሬታዋን እንደተወች የተቆጠረችው ታካሚ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የይግባኝ ቀጠሮ የሚያዘው በስልክ ብቻ እንደሆነ በውሳኔው ግርጌ ስላነበብኩ ማክሰኞ ደውዬ ነበር። ስልኩን ያነሡት ሠራተኛችሁ እጅግ ጨዋ ናቸው፤ ሃሎ፣ ሃሎ ብለው፣ ጥቂት ታግሠው ዘጉት።