ከመጋረጃው ጀርባ የመለስኩት መልስ

ውድ ወንድሜ ዝያዲን፣

በሰው ፊት አንቱ እልሃለሁ፤ ዛሬ ግን እንደ ልጅነታችን አንተ ልበልህ። ባለቤትህ በቱል ይህን ደብዳቤ ልታደርስልኝ በራፌ ላይ ቆማለች። "ኧረ አንቺ ኤስማት፣ መኪናው ቀትር ላይ ይነሳል! ሰውየው ሐጅ ነው የሚሄደው፣ ገበያ መሰለሽ እንዴ?" እያለች ታጣድፈኛለች። በጥድፊያ ፊደሌ ቢጣመም እለፈኝ።

ትናንት ቤትህ በእንግዳ ተሞልቶ፣ እንደ ሐጅ ተጓዥ ወግ አንድ በአንድ አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ እያልክ ስትዞር እኔ ጋ ደረስክ። "እህቴ፣ የበደልኩሽ ካለ አውፍ በይኝ" አልክ።

"ምን በድለውኝ! ያስቸገርኩዎትስ እኔ ነኝ፤ አውፍ ብያለሁ" አልኩ።

ይሉኝታ የሚገዛት የካሻን ከተማ ልጅ አይደለሁ? በእንግዳ ፊት "አዎ፣ በድለኸኛል" የሚል አፍ ከየት አመጣለሁ? ዝያዲን፣ ዋሽቼሃለሁ። አውፍ አላልኩህም።

አባባ ሞቶ አንተ የቤቱ አባወራ ከሆንክ በኋላ፣ ቤት ውስጥ ስለ ነፍስና ጠባይ ለምታስተምራቸው ተማሪዎችህ ሻይ የማቀርበው እኔ ነበርኩ። ብርጭቆውን ከወንዶቹ በሚለየኝ መጋረጃ ሥር አሳልፌ እዚያው ቁጭ ብዬ እሰማሃለሁ። ነፍስ ምኞት፣ ቁጣና አእምሮ አላት ትል ነበር። "ቁጣ የአደን ውሻ ነው፤ አትግደሉት፣ ግሩት!" የግሪክ ሊቃውንት ጠባይ በልምድ ይሠራል ማለታቸውን፣ በኛ በእስልምና ደግሞ ሥራ በኒያ፣ በልብ ሐሳብ፣ መሆኑን የሰማሁት እዚያ ነው።

አንድ ቀን አንዱ ተማሪ ጠየቀህ፤ "ልቡ እያረረ የሚሰጥ ስስታም፣ ለጋስ ይባላል?" እኔ የአሥራ ሦስት ዓመቷ፣ አፌ አላርፍ ብሎኝ ከመጋረጃው ጀርባ፣ "ዛሬ አይባልም! ልቡን ሊለውጥ ኒያ አድርጎ ከሰጠ ግን፣ በመቶኛው ቀን ጠይቁት" አልኩ።

"ኡስታዝ፣ ሻይ አቅራቢዋ በለጠችን እኮ!" ብለው ሳቁ።

አንተ አልሳቅህም። በዚያው ሳምንት ከትምህርት ቤት አስወጣኸኝ። መልሴን ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ የራስህ አድርገህ አስተማርክበት። በመስጊዱ ድምፅ ማጉያ በሰማሁት ቁጥር ያ ውሻ ደረቴ ውስጥ ብድግ ይላል።

ዝም ብል፣ ካዕባ ፊት የኔን ባዶ ቃል ይዘህ ልትቆም ነው። ብነግርህ ደግሞ በመንገድህ ቀን ልብህን ላደፈርስ ነው። ከሁለቱ እውነቱን መረጥኩ።

በቱል በሩን ደበደበች። "ኪታብ ነው እንዴ የምትጽፊው?"

ስለዚህ የምሰጥህ ያንኑ የራሴን መልስ ነው። ዛሬ ንጋት ላይ ከሱብሒ ስግደት በኋላ ድምፄን አውጥቼ "ዝያዲንን አውፍ ብያለሁ" አልኩ። ልቤ አረረ። ነገም እላለሁ፤ ከነገ ወዲያም። ኒያው አለኝ፤ የቀረኝ ልምዱ ነው።

ስትመለስ እንግዳ ሳትሰበስብ ብቻህን መጥተህ እንደገና ጠይቀኝ። ያን ቀን እኔ ከመጋረጃው ወዲህ እቀመጣለሁ። ሻዩን የምታቀርበው አንተ ነህ።

በሰላም ያግባህ።

አውፍ ማለትን ዛሬ የጀመረችው እህትህ
ኤስማት